የጋሽ ያብስራ ውግዘት

በ2091 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ አርብ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የዕለቱ ዝርዝር ሲነበብ፣ እትዬ ኤልዳና አንድ እግር ካልሲያቸውን አጥልቀው ሌላውን ይፈልጉ ነበር። ዝርዝሩን ሳይሰሙ ከቤት መውጣት በሐምሌ ያለ ዣንጥላ እንደ መውጣት ነው። ትናንት ሰላም ያሉት የእግር ጉዞ ማኅበር ዛሬ አሸባሪ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ከትናንት ወዲያ አሸባሪ የነበረው የፀጉር አስተካካዮች ኅብረት ደግሞ በስህተት ነበር ተብሎ ተሰርዞ ይገኛል። በዚያ መሃል ፀጉሩን የተቆረጠ ሰው ጉዳይ እስካሁን ይግባኝ ላይ ነው።

የዛሬው ዝርዝር አጭር ነበር፤ አሥራ አንድ ስም። አሥሩን እትዬ ኤልዳና ሰምተዋቸው አያውቁም። አሥራ አንደኛው ግን «የብሎክ ሰማንያ ዘጠኝና አካባቢው ነዋሪዎች መረዳጃ እድር» የሚል ነበር።

ካልሲውን መፈለግ ተዉት።

ብሎክ ሰማንያ ዘጠኝ የሚኖሩበት ሕንጻ ነው። እድሩም አርባ ዓመት ሙሾ ሲያወርዱበት የኖሩበት የራሳቸው እድር ነው። ይባስ ብሎ የእድሩ ዳኛም ጥሩምባ ነፊም የነበሩት ጋሽ ያብስራ ያረፉት ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀብራቸው ነገ ነው፤ እትዬ ኤልዳናም አለቅሳለሁ ብለው ቃል ገብተዋል።

አዋጁ መጀመሪያ ሲወጣ የተቃወመ ሰው አልነበረም። ሰው የሚገድሉ ቡድኖችን አታወድሱ የሚል ነበር፤ ይሄን ማን ይቃወማል። ከዚያ ማሻሻያ መጣ፤ ቀጥሎ የማሻሻያው ማሻሻያ መጣ፤ መደገፍ፣ ማድነቅ፣ ማዘንና «መልካም ገጽታ መስጠት» ሁሉም አንድ ወንጀል ሆኑ። በየመብራት እንጨቱ፣ በየደረጃውና በየሊፍቱ አንድ ክብ ነገር ተተከለ። የመዝገብ ስሙ ረጅም ስለሆነ ሰዉ «ሰሚ» ብሎ ጠራው። ለዘመናት ሰሚ አጣን እያለ ሲያማርር የኖረ ሕዝብ ከዚያ በኋላ ይህን እሮሮ እንኳ ተነጠቀ።

ሰዉም ለመደው። ማንኛውንም ነገር ካመሰገነ በኋላ «ድጋፍ አይደለም» ማለት እንደ ማስነጠስ ሳይታሰብ የሚወጣ ነገር ሆነ። ሽሮሽ ይጣፍጣል፣ ድጋፍ አይደለም። ልጅሽ እንዴት አድጋለች፣ ድጋፍ አይደለም። ባለፈው ጥር አንድ ሙሽራ «ወድጃት ነው የማገባት» ካለ በኋላ ከልማድ ያችኑ ቃል ጨምሮባት የሙሽሪት ወንድሞች በመከራ ነው የተያዙት።

እድሩ እንዴት አሸባሪ ሆነ ቢባል፣ ጥፋቱ የጋሽ ያብስራ ነው፤ ጥፋታቸውም ቅንነት። ማኅበራት ሁሉ በአዲስ መልክ ይመዝገቡ ሲባል ሌላው ሰፈር ቅጽ መሙላት የሚያውቅ ሰው ፈለገ። ጋሽ ያብስራ ግን እሮብ ጠዋት መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ሞሉት። የድርጅቱ ዓላማ ለሚለው «ሞት» አሉ። መቼ ይንቀሳቀሳል ለሚለው «ሰው ሲሞት፣ በማንኛውም ሰዓት»። አባላትን ለማሰባሰብ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ለሚለው «በጥሩምባ ግማሽ ሰዓት፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው»። ንብረት ለሚለው «ሁለት ድንኳን፣ ስድስት አካፋ፣ አራት ዶማ፣ ሦስት ትልልቅ ብረት ድስት»። ጥሪ ያላከበረ አባል ምን ይደረጋል ለሚለው «ይቀጣል፤ ምሕረት የለውም»። ቅጣቱ ለቅሶ የቀረ ሰው እነዚያን ድስቶች ማጠቡ ብቻ ነበር፤ ይህን ለመጻፍ ግን ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረም። የሌላ ቡድን ሰዎችን ታስተናግዳላችሁ ወይ ለሚለው «ከሞተ ማንንም እንቀብራለን» ብለው ፈረሙ።

«ጥርት አድርጌ ሞላሁት» አሉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሶልያና። በማግስቱ ልባቸው ቆመ። ዝርዝሩን ሳይሰሙ መሞታቸው ደግ ሆነ ብለው እትዬ ኤልዳና አሰቡ፤ አሰቡ እንጂ አልተናገሩም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሶልያና ቤት ሲደርሱ የድጋፍ መከላከያ መሥሪያ ቤት የላከው ታዛቢ ቀድሟቸው በሩ ላይ ቆሟል። ጓንጉል የሚባል የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነው። የዘንድሮ ልጆች ስማቸው እንዲህ ነው፤ ጓንጉል፣ ደረሶ፣ ሸዋዬ። ያብስራ ወይም ኤልዳና የሚባል ሰው ከተገኘ ጡረተኛ ነው።

«እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለ ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ። «ድጋፍ አይደለም።»

«ግባ ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። ዓይናቸው አብጧል።

ጓንጉል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ቀብሩ አልተከለከለም» አለ። «የተፈረጀው እድሩ ነው፤ አስከሬኑ አልተፈረጀም። ዳኛውን ማሞገስ ግን ድጋፍ ነው። አምስት ዓመት ያስቀጣል።»

«ማልቀስስ?»

«እንባ ገለልተኛ ነው። የሚታየው ይዘቱ ነው።»

«የእንባ ይዘት?»

«አብሮት የሚነገረው ማለቴ ነው፣ እማማ።»

ወይዘሮ ሶልያና ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «እንግዲያው ዝም ብለን እንቀብረዋለን።»

ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሰባት ሰው በላይ ሆኖ ዝም ማለት የኅሊና ጸሎት ይባላል። እሱም ክብር መስጠት ነው። ሦስት ዓመት።»

«በቅኔ ቢሆንስ?» አሉ እትዬ ኤልዳና።

«ሰሚው ቅኔ መፍታት ከጀመረ ቆየ እኮ፣ እትዬ። አምና አንድ መሪጌታ ላይ እሳቸው ራሳቸው ያላሰቡትን ወርቅ አውጥቶባቸዋል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚፈቀደው?» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

የጓንጉል ፊት በራ። የሚፈቀድ ነገር ተጠይቆ አያውቅም። «ማውገዝ» አለ። «ማውገዝ በማንኛውም ሰዓትና በማንኛውም ቁጥር ይቻላል። ድንኳን መትከልም፣ ጥሩምባ መንፋትም። ማስፈቀድ አያስፈልግም።»

 ወይዘሮ ሶልያና ወደ እትዬ ኤልዳና ዞሩ። «የስንቱን ሬሳ ተሸክሞ፣ እሱ እንደ ተጣለ ዕቃ በሰባት ሰው አይቀበርም። እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ብቻ ሰው ይሰብሰብና አልቅሺልኝ።»

እትዬ ኤልዳና ፈሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለባቸው፤ ካቻምና ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ቀብር ላይ «አንበሳው» ብለው ነበር፤ ለካ በዚያ ሳምንት አንበሳ የአንድ የተፈረጀ ቡድን ዓርማ ኖሯል። ሁለተኛ ከተያዙ አምስት ዓመቱ አይቀርላቸውም፤ በሰባ አራት ዓመት አምስት ዓመት ማለት ደግሞ ሌላ ስም አለው። ልጅ የላቸውም፤ ወንድም የላቸውም። ስሞት ማን ይቀብረኛል ብለው ተጨንቀው የማያውቁት እድሩ ስላለ ነው። አሁን እድሩ የለም። ግን ያብስራ እንዲሁ ከተቀበረ እሳቸውም እንዲሁ መቀበራቸው ነው።

«አንተ ልጅ» አሉት ጓንጉልን። «ሰሚው ምጸት ይለያል?»

ጓንጉል ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ጫማውን አየ። «የምጸት መለያው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ነው የተያዘው።»

እትዬ ኤልዳና ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው አሳለፉ። ሙሾ አስቸግሯቸው አያውቅም፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አላቸው። ለወንድ «የቤቱ ምሰሶ፣ የሰፈሩ ጥላ»፤ ለሴት «የእልፍኟ መብራት»፤ ለወጣት «ሳይጠግብ የሄደ»። ስም እየቀየሩ አርባ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን በእነዚህ ሦስቱ ሸኝተዋል። ምሰሶ ነህ ለማለት ሰውየውን ማወቅ አያስፈልግም። ለማውገዝ ግን ምን እንዳደረገ ማወቅ ያስፈልጋል። እናም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሞተው ሰው ምን ሠርቶ ነበር ብለው ከራሳቸው ጋር ተቀመጡ።

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። በሩ ላይ «የውግዘት ሥነ ሥርዓት» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ጋሽ ያብስራን ቆጥረው ሁለት መቶ አሥራ አራት ከነበሩት የእድሩ አባላት ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ መጡ። የቀረው ናሆም ብቻ ነው። ናሆም ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ለቅሶ በተነገረ ቁጥር ሊፍት ውስጥ ነበርኩ ይላል፤ ከዚያ ድስት ያጥባል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲኖር ስለ ናሆም መቅረት የሚያወራም ጠፍቷል።

ጓንጉል ተንቀሳቃሹን ሰሚ ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። እትዬ ኤልዳና ከአስከሬኑ ሳጥን ፊት ቆሙና ጀመሩ።

«ይወገዝ ያብስራ ጥሩምባ የነፋ፣
ዶፍ ዝናብ ሲወርድ ከደጅ ያልጠፋ።»

ሕዝቡ ወደ ጓንጉል ዞረ። ጓንጉል ሰሚውን አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አልፏል። እትዬ ኤልዳና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይወገዝ ያብስራ አካፋ የያዘ፣
ለባዳ አልቅሶ ዓይኑ የፈዘዘ።

ይወገዝ ያብስራ ሳይጠሩት የመጣ፣
ሁሉን ሰው ሸኝቶ ኋላ ላይ የወጣ።»

«ይወገዝ፣ ይወገዝ» አለ ሕዝቡ ደረቱን እየመታ፤ ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። አንዱ ተነስቶ፣ «ወንድሜ የሞተ ጊዜ ሳምንት ሙሉ እኔ ቤት አደረ፤ ካልበላህ አልበላም እያለ በግድ አበላኝ። እንዲህ ያለ ጣልቃ ገብነት አወግዛለሁ» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አንዷ ሴትዮ ደግሞ፣ «ልጄ በሦስት ዓመቱ ነው የሞተብኝ» አለች። «አባቱ እንኳ የልደቱን ቀን ረስቷል። ይህ ሰውዬ ግን በየዓመቱ ደረጃ ላይ ጠብቆ ‹ዛሬ ሃያ ሞላው፣ ዛሬ ሃያ አንድ ሞላው› ይለኝ ነበር። ከእንግዲህ የሚለኝ የለም። አወግዛለሁ።»

ጓንጉልም ተራ ደረሰው። የውግዘት ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝቶ ያላወገዘ ታዛቢ ይጠየቃል። ተንተባተበ። «እኔ እሳቸውን አላውቃቸውም» አለ። ቀጥሎም፣ «እኛ ሕንጻ ላይ እንዲህ የሚወገዝ ሰው የለም» ብሎ ሌላ ነገር መጨመር አቃተው።

ከቀብር መልስ ወይዘሮ ሶልያና የእትዬ ኤልዳናን እጅ ያዙ። «አርባ ዓመት ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ» አሉ። «የሞተውን ሰው ስታለቅሺ ግን ዛሬ ገና ሰማሁሽ።» ይህ ምስጋና ይሁን ወቀሳ እትዬ ኤልዳና ቤታቸው እስኪገቡ ሲያስቡት ቆዩ፤ ሁለቱንም ሆኖ አገኙት፤ አለቀሱም።

ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ሲነበብ እድሩ የለበትም። አባላቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሆነው መሪያቸውን ያወገዙ እንደሆነ ድርጅቱ «የታረመ» ይባላል የሚል አንቀጽ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ሰፈሩ እልል ሊል ሲል ሰሚውን አይቶ ተወው።

ማክሰኞ መጥሪያ መጣ። እድሩ አሁን ሕጋዊና የተከበረ ማኅበር ነው፤ የሕጋዊ ማኅበር ዳኛን በአደባባይ ማውገዝ ደግሞ ስም ማጥፋት ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተከሳሾች፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት ከስድስት ወር።

«እኔ ምን ላድርግ» አለ ጓንጉል መጥሪያውን ሲያድል፤ በእውነት አፍሮ ነበር። «አንድ መንገድ ብቻ አለ። ተበዳዩ እድሩ ነው፤ እድሩ በጠቅላላ ጉባኤ ይቅር ካለ መዝገቡ ይዘጋል።»

ስለዚህ እሑድ ጉባኤ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጓንጉል ከፊት ቆሞ ደንቡን አነበበ፤ ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ ድምፅ አይሰጥም። «ተከሳሾች የሆናችሁ ወደ ውጭ ብትወጡልኝ።»

ወንበር ተንኳኳ፣ እግር ተጎተተ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ዝናብ ላይ ወጥቶ በመስኮት ተደረደረ። አዳራሹ ውስጥ ኋለኛው አግዳሚ ላይ አንድ ሰው ቀረ። ናሆም ነው። ቀብር ስላልመጣ አላወገዘም፤ ስላላወገዘ አልተከሰሰም።

ጓንጉል ቆጠረው። አንድ። «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» አለ። «እድሩ ምን ይላል?»

ናሆም ቀስ ብሎ ተነሳ። በሕይወቱ ይሄን ያህል ሰው አፉን ጠብቆት አያውቅም።

«እድሩ የሚለው አለው» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ድስት አጥቤያለሁ። ጋሽ ያብስራ አንድ ቀን ለምን ቀረህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ድስቱን አሳይተውኝ ይሄዳሉ። እናንተ በቀልድ ነው ያወገዛችኋቸው፤ እኔ ከልቤ ነው የማወግዛቸው። እድሩ ይቅር አይልም።»

ከውጭ ጉርምርምታ ተነሳ። እትዬ ኤልዳና ዝናቡን ከፊታቸው ጠርገው ወደ ተከፈተው መስኮት ተጠጉ።

«ናሆም» አሉ። «እሺ፣ ለምን ነበር የምትቀረው?»

 «እናቴ የሞተች ጊዜ እዚህ ሰፈር አልነበርኩም» አለ ናሆም። «ሌላ ከተማ፣ ሥራ ላይ። ስደርስ ተቀብራለች። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ሳይ ያመኛል።»

ማንም አላወቀም ነበር። የሚጠይቅ ቢኖር ኖሮ ይታወቅ ነበር።

«ጥሩ አላደረግንም» አሉ እትዬ ኤልዳና። «አሁን ግን እኛ ከታሰርን አንተን ማን ይቀብርሃል?»

«ማዘጋጃ ቤት።»

«ማዘጋጃ ቤቱስ ይቀብርህ። ማን ያወግዝሃል?»

ናሆም ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ መጣ። ዓይኑ ተቀየረ። «እኔን ቢያወግዙኝ፣ እትዬ ኤልዳና፣ ምን ብለው ነው የሚያወግዙኝ?»

እትዬ ኤልዳና ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ይወገዝ ናሆም አሉ በሆዳቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣ አለ። የቤቱ ምሰሶ ሊሉት ይችሉ ነበር፤ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። መለሱት።

«እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም የለኝም» አሉ። «መጥተህ አታውቅም።»

ናሆም አንገቱን ደፋ። «ድስቱስ?»

«ድስቱንማ አሳምረህ ታጥባለህ። እንደ አንተ አድርጎ የሚያጥብ አላየሁም።»

ቀጥሎ የምትመጣዋን ቃል ሁሉም ጠበቀ። ጓንጉል ራሱ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እትዬ ኤልዳና ግን አልጨመሯትም። አፋቸውን ገጥመው ናሆምን አዩት። ጣሪያው ላይ ያለው ሰሚ ለአፍታ ቀይ ሆነ፤ ጓንጉል ተሽከርክሮ ጀርባውን ሰጠውና የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር የለውም።

ናሆም በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገ። «እድሩ ይቅር ብሏል» አለ። ሰዉ እየተጋፋ ሊገባ ሲል ደግሞ እጁን አነሳ። «ጉባኤው አልተዘጋም። ጥሩምባው ማን ዘንድ ነው ያለው?»

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከብሎክ ዘጠና በኩል አንድ የሚያስጨንቅ ድምፅ ተሰማ። መሃል ላይ የተጣበቀ ሊፍት ይመስላል። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ ተነሳ፤ ሰው አረፈ፣ ውጡ የሚል ነው።

እትዬ ኤልዳና አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ከባድ ነገር ከደረታቸው የወረደ ያህል ደስ አላቸው። አንድ ቀን ይሄው መጥፎ ጥሩምባ ለእሳቸውም ይነፋል፤ ያን ቀን የሚያወግዛቸው ሰው አይጠፋም። አንዱን ካልሲ አጠለቁና በለሆሳስ ሞከሩ።

«ይወገዝ ናሆም መንፋት የማይችል፣
ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ተነሱ የሚል።»

ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። ለጅምር ይበቃል ብለው ሌላውን ካልሲ መፈለግ ጀመሩ።